ከአስር ስንት ያምሻል?

ጥር 22፣ ዓርብ

ዛሬ ተጀመረ።

ክሊኒኩ እዚሁ ሊንውድ ነው፤ ከጥርስ ሐኪምና ከጥፍር ማሳመሪያ ቤት መሃል የተሸጎጠ። መኪናዬን ከሩቅ ፓርክ አድርጌ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ በእግሬ ሄድኩ። ያንን ሞል የእኛ ሰው ያዘወትረዋል። እንደ ሌባ ዞር ዞር ብዬ አይቼ ነው በሩን የገፋሁት።

ሌዘሩን የምትሠራልኝ ጆዲ ትባላለች። ሃምሳ ዓመት ግድም ይሆናታል፣ ደግ ሴት ናት። ችግሩም ደግነቷ ነው። ጥቁር መነፅር አደረገችልኝ፣ አገጬ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀባችና ጥያቄዋን ጀመረች። መድኃኒት ትወስጃለሽ? አልወስድም። ፀሐይ ላይ ቆይተሻል? በሲያትል ጥር፣ የምን ፀሐይ። ፔሬድሽ በየወሩ ይመጣል? ይመጣል። ቀጠልን።

"መጀመሪያ አንዴ ልሞክርልሽ። ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንዳመመሽ ትነግሪኛለሽ" አለችና ተኮሰችው።

ሽንኩርት ሲቁላላ የሚፈናጠር ዘይት ክንድ ላይ ጠብ ሲል አለ አይደል? እሱ ነው። ግን አንዱ ሳይበርድ ሌላው፣ ያውም አጥንት ላይ። የላይኛው ከንፈሬ ጋ ስትደርስ እንባዬ በመነፅሩ ሥር ሾልኮ ወደ ጆሮዬ ወረደ።

"ስንት?"

"ሦስት" አልኳት።

ደስ አላት። ጎበዝ ነሽ አለችኝ። እንዲህ ተጠንቅቃ እየሠራችልኝ ስምንት ብዬ ላሳቅቃት?

ማታ። አገጬ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ በረዶ ይዤበታለሁ። ለራሴ እንኳን ጽፌው ስለማላውቅ ዛሬ ልጻፈው። ፂም አለኝ። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ቆልፌ በምላጭ እላጫለሁ። ሰርጌ ግንቦት 9 ነው። ከእጮኛዬ ከፋኑኤል ጋ ሁለት ዓመት አብረን ስንሆን አንድም ቀን ቤልቪው እሱ ቤት አድሬ አላውቅም። ጨዋነቴ ይመስለዋል፤ ለእናቱም እንደዚያ ብሎ ነው ያወራላቸው። እሱ ቤት ያለው አንድ መታጠቢያ ቤት ነው፣ በሩም አይቆለፍም። ከተጋባን በኋላ ጠዋት ጠዋት የት ልገባ ነው?

ጆዲ ፀጉሩን ለማጥፋት ሌዘሩ ስድስት ጊዜ ያስፈልግሻል ብላለች፣ በየአራት ሳምንቱ። እስከ ሰርጉ አራቱ ይደርሳል። አራቱ ይበቃል። መብቃት አለበት።


ጥር 26

ሥራ። ሁለት ሰው ቀርቶ እኔ ደርቤ ሠራሁ።

የምሠራበት መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ስድስት አረጋውያን አሉ። ጠዋት ጠዋት የፊት ሥዕል ያለበትን የሕመም መለኪያ ካርድ ይዤ እዞራለሁ፤ ከሚስቀው ፊት እስከሚያለቅሰው፣ ከዜሮ እስከ አስር። ሚስተር ዋልተር ካርዱን አያዩትም። ዕድሜ ልካቸውን አላስካ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። "ሁለት" ይላሉ፣ ሁልጊዜ ሁለት። አንሶላውን ግን ጨብጠው ይይዙታል፣ የጣታቸው አጥንት ነጭ እስኪሆን። እኔም ሁለት ብዬ እመዘግባለሁ። ያሉትን ነው እንግዲህ።

ይሄን ለፋኑኤል ነግሬው ከዚያ ወዲህ የእኛ ጨዋታ ሆኗል። "ዛሬ ድልድዩ ላይ ትራፊኩ ዘጠኝ ነበር" ይላል። "ስብሰባው ስድስት፣ አለቃዬ ሲናገር ሰባት።" ከዚያ "አንቺስ ኖሊ?" ይለኛል።

"ዜሮ" እለዋለሁ።

ይስቃል። "አንቺ ሁልጊዜ ዜሮ፣ ታድለሽ" ይላል።


የካቲት 5፣ ሐሙስ

መኪና ውስጥ ጉንጬን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ሸሸሁ። ቀበቶዬን የማስተካክል መሰልኩ። እጁን ወደ መሪው መለሰ። ምን አለ አንድ ነገር ቢል፣ ቢቆጣ እንኳን። ዝናቡን እያየ ዝም ብሎ ነዳ።

ከዚያ እሱ ቤት ሆነን እናቱ ወይዘሮ ውብአየሁ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወሉ። ለሰርጉ ይመጣሉ፣ ትኬታቸው ተቆርጧል። "እስቲ ጠጋ በይልኝ ልይሽ" አሉኝ። ጠጋ አልኩላቸው፤ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎኔን ሳይሆን ጨለማውን አዙሬ። "ቆዳሽ እንዴት ያምራል! የልጅ ልጄ ባንቺ ከወጣች ሌላ ምን እፈልጋለሁ።"

ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥ ቤት ስገባ ድምፃቸው ተከተለኝ። "ፋኒዬ፣ ልጅቷ ጤናዋ እንዴት ነው? ጠይቀሃታል? አንተ ዝም አትበል። እኔ ጉልበቴ ሳይደክም ነው ማሳደግ የምፈልገው።"

"እማዬ ተይ እንጂ፣ ትሰማለች" አለ።

ብርጭቆው ሞልቶ እጄ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት።


የካቲት 9

ዛሬ ጾም ገባ። እትዬ ማንአልሞሽ የሽሮ ማሰሮ ጥደው ፊቴን ሲያጠኑ ያዝኳቸው። እትዬ የእናቴ እህት ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝም፣ እዚህ ያመጡኝም እሳቸው ናቸው። የምኖረውም አብሬያቸው ነው።

"ያ ነገር እንዴት ሆነ?" አሉኝ። ስም የለውም፣ እኛ ቤት "ያ ነገር" ነው።

"ደህና ነው።"

"ይቆጠቁጣል?"

"ትንሽ።"

"ቻል አድርጊው። ወራት ነው የቀረሽ።"

ድሮም ቻል አድርጊው ነበር ቃላቸው። የመጀመሪያዎቹ ፀጉሮች የወጡ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በሩን ይዘጉና ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጉታል። ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አጋድመው በክር ይነቅሉኛል። የሬዲዮው ነገር ድምፄ ለጎረቤት እንዳይሰማ ነው። አንድ ጊዜ ጮህኩ። እጃቸውን አፌ ላይ አድርገው፣ በቁጣም አይደለም፣ በልመና ነው፣ "ልጄ፣ ሰው ካወቀ ማን ያገባሻል?" አሉኝ። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልጮህኩም። በኋላ በኋላማ ሬዲዮኑም ቀረ፣ አላስፈለገም።

እትዬን አልወቅሳቸውም። ማንን ልውቀስ ታዲያ? እንጃ።


የካቲት 20፣ ዓርብ

ሁለተኛው።

በዚህኛው ተዘጋጅቼ ነበር። ጆዲ የሰጠችኝን ምክር ሁሉ አጥንቻለሁ። በዋዜማው ተላጪ እንጂ በወረንጦ እንዳትነቅይ። የዚያን ቀን ቡና ይቅርብሽ፣ ቆዳን ያስቆጣል። ፔሬድሽ ሊመጣ ሲል አትቀጠሪ፣ ያኔ ሕመሙ ይብሳል። ማደንዘዣ ክሬሙን ስስ አድርገሽ ተቀቢ። ከአንድ ሰዓት በፊት ምግብ በልተሽ የሕመም ማስታገሻ ዋጪ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሲያምሽ ንገሪኝ።

ሁሉንም አደረግኩ። ሁሉንም ማለቴ፣ ምግቡ ሲቀር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፣ ቀጠሮዬ ደግሞ ስምንት ሰዓት ነው። ቀይሪልኝ ብላት ትቀይርልኝ ነበር። ግን ለምን ብትለኝ ጾሙን ላስረዳት ነው፣ ከዚያ ትጨነቃለች። ክኒኑን በባዶ ሆዴ ዋጥኩ። በልተሻል? በልቻለሁ። ፔሬድሽ መቼ ነበር? ባለፈው ሳምንት። ውሸት ከጀመሩት እንዴት ያቀላጥፋል።

ፔሬድ ሊመጣ ሲል አትቀጠሪ ነው ያለችው። እሱስ ለእኔ አያሰጋም።

የምትጨመቅ የስፖንጅ ኳስ አስያዘችኝ፤ ሲያምሽ ጨምቂው ብላ። አልጨመቅኩትም። ብጨምቀው ታያለቻ። መዳፌን ከፍቼ ኳሱን እንደ እንቁላል አስቀምጬው ዋልኩ። ስትጨርስ "አልነካሽውም እኮ፣ ብረት ነሽ" አለችኝ። ክፍሉ ዞረብኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩ፣ እስኪያልፍልኝ።

ስንት? ሁለት።

"ኦኬ፣ ሶ በሚቀጥለው ትንሽ ከፍ ማድረግ እንችላለን" አለች።


የካቲት 27

ወጣ። እንደገና ወጣ። ግራው ላይ ትንሽ ሳሳ፣ አገጬ ላይ ግን ያው ነው። እንዲያውም ጠቆረ። ወይስ ስለማየው ነው?

መስታወቱን እንደዚህ በየሰዓቱ ማየት ማቆም አለብኝ።

መሳቢያውን ሳጸዳ የሞዴሱን እሽግ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣሁት። በመስቀል ሰሞን የገዛሁት ነው። እንደታሸገ ነው። ቦታ ይይዛል።


መጋቢት 8

ሚስተር ዋልተር ቁርሳቸውን አልበሉም። ሳገላብጣቸው ሆዳቸውን ነካሁት መሰለኝ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ።

"ስንት ነው?" አልኳቸው።

"ሁለት።"

"እውነቱን ይንገሩኝ።"

አዩኝ። ዓይናቸው ሰማያዊ ነው፣ ውሃ ይላል። "አንቺ ሴት ሥራ አለብሽ፣ ሂጂ" አሉኝ። ሄድኩ።


መጋቢት 15

ፋኑኤል አዳራሹን ለጌጡ አስለካ። አበባውን እኔ እንድመርጥ ፎቶ ላከልኝ። የቱ ይሻላል? ሁሉም ጥሩ ነው። አይ ኖሊ፣ አንዱን ምረጪ። አንተ የወደድከው። "አንቺ የምትወጂውን አላውቀውም እኮ" ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ የሚስቅ ፊት ጨመረበት።

ሦስተኛው ዓርብ ነው። በዚህኛው ከፍ ታደርግልኛለች።


መጋቢት 18

አቃጠለችኝ።

አይደለም። ተቃጠልኩ።


መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም፣ ዛሬ ልሞክር።

ገና ስተኛ ነው ከፍ አድርጊው ያልኳት። እሷ ትንሽ አመነታች። "ባለፈው ሁለት ስላልሽ ነው እንጂ..." አለች። "አዎ ሁለት ነው፣ ጊዜ የለኝም፣ ሰርግ አለብኝ" አልኳት። እኔ ነኝ። በአፌ።

የመጀመሪያው ሲያርፍ እግሬ ብቻውን ተነሳ፣ መልሼ አስተኛሁት። ስንት? ሦስት። ኳሱ መዳፌ ላይ ነው። ቀጠለች። አገጬ መሃል ላይ ስትደርስ ሕመሙ ሌላ ነገር ሆነ፤ መብረድ ተወ። እንደተለመደው የፀጉር ሽታ ሸተተ፣ ከዚያ ሌላ ሽታ። "እርግጠኛ ነሽ ሦስት ነው?" አለችኝ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ሦስት ጣቴን አነሳሁላት። የራሴን ፊት ሲያቃጥሉኝ ሦስት ጣት አነሳሁ።

ጄሉን ጠረገች። የእጇ ጓንት ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነው የምሰማው። መነፅሬን አወለቅኩ። ጆዲ ነጭ ሆናለች።

"ለምን አልነገርሽኝም? የኔ ማር፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደህና ነኝ" አልኩ።

ማልቀስ ጀመረች። ተነስቼ ትከሻዋን ያዝኳት፣ ምንም አይደለም፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም እያልኩ። አገጬ ውሃ ቋጥሮ እያበጠ እሷን ሳባብል ሩብ ሰዓት ፈጀሁ። አሁን ሳስበው ልስቅ እልና ከንፈሬ አይዘረጋልኝም።


መጋቢት 22

ውሃ የቋጠረው ፈነዳ። ቅባት፣ ጋዝ፣ ቅባት። ጆዲ በየቀኑ ኮል ታደርጋለች። ሥራ ላይ ማስክ አደርጋለሁ፣ ማንም አይጠይቅም።

እትዬ ባዩኝ ጊዜ የያዙትን ሳህን አስቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ቁጭ አሉ። ቻል አድርጊው አላሉም። ይሄ ነው ያስፈራኝ።


መጋቢት 24

ፋኑኤል በር ላይ መጣ። ሾርባ ይዞ። ጉንፋን ነው ብዬው ነበር።

አልከፈትኩም። እንዳይዝህ አልኩት ከውስጥ። "ይያዘኝ" አለ። በሩ ላይ ግንባሩን ያስደገፈ መሰለኝ፣ ድምፁ ቅርብ ነበር። "ስንት ነው?"

"ዜሮ። ጉንፋን እኮ ነው።"

ሾርባውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። የጾም ነበር፣ ምስር፤ ራሱ ሠርቶ። አልበላሁትም። በኋላ ግን በረዶ ሆኖ በላሁት፣ ቆሜ፣ ከነማስኬ ማለት ይቻላል።


መጋቢት 28

ሚስተር ዋልተርን በአምቡላንስ ወሰዷቸው። አንጀታቸው ከተበላሸ ቆይቷል አሉ። ከሆስፒታል የደወለችው ነርስ "ይሄን ያህል ጊዜ እንዴት ዝም አሉ? ሕመማቸው ስንት ነበር?" ስትል እኔ ነኝ ስልኩን ያነሳሁት።

"ሁለት" አልኳት።

አለቃዬ ሰምሃል ሻይ አፍልታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እሳቸው ሁለት አሉ፣ አንቺ ሁለት ጻፍሽ። ምን ታደርጊ?" አለችኝ። ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። ያን አንሶላ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ማን አለ?


ሚያዝያ 1

አረፉ። ትናንት ጠዋት።

አልጋቸውን እኔ አነጠፍኩ።


ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ። በዚህ ቀን ማንም ለምን አይልም። ፋኑኤል በወንዶች በኩል ሆኖ ሲያየኝ ነበር። ሻማው ሲበራ ዓይኑ ቀልቷል፤ ከጭሱ ይሆናል።

ቅርፊቱ ሲረግፍ ቆዳው አመድ የመሰለ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ የአውራ ጣት ያህል ሦስት ቦታ። ፀጉሩ ደግሞ በጥቁሩ መሃል ብቅ ብሏል። ይህን ሁሉ ተቃጥዬ፣ እሱ ምንም አልሆነም።

እግዜር ሲቀልድ።


ሚያዝያ 9

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጆዲ ናት የለመነችኝ። "እንደገና እንደዚህ ጠቁሮ የሚወጣው ከሥሩ ምክንያት ስላለው ነው፣ ሌዘር ብቻውን አይበቃውም" ብላ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ችኮላ የላትም። ፔሬድሽ መጨረሻ መቼ መጣ ብላ ጠየቀችኝ። ባለፈው ሳምንት ልላት አፌን ከፈትኩ። የሚስተር ዋልተር አልጋ ትዝ አለኝ።

"መስከረም" አልኳት።

"ከዚያ በፊትስ?"

"እንጃ። ዓመት በዓል ሲሆን ይመጣል" አልኩ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ሆዴን በአልትራሳውንድ አየችው፣ ደም ወሰደች። ስም አለው፣ ብዙ ሴት ላይ አለ፣ ፂሙም የወር አበባው መቅረትም ከእሱ ነው አለች። መድኃኒት አለው። መጀመሪያ የጠየቅኩት ፀጉሩን ያጠፋልኛል ወይ ብዬ ነው። ቀስ በቀስ ያሳሳዋል አለች። ከዚያ፣ እየወጣሁ፣ የበሩን እጀታ ይዤ፣ ልጅስ አልኳት። "ሊቻል ይችላል፤ ሊያስቸግርም ይችላል። አሁን ቃል ልገባልሽ አልችልም" አለች።

መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሌላው መኪና ቦታዬን ፈልጎ ጥሩምባ ሲነፋ ነው የሄድኩት።


ሚያዝያ 17፣ ቅዳሜ

ነገርኩት።

ኤድመንድስ፣ ጀልባው የሚነሳበት ባሕር ዳር። ነፋስ ነበር፣ ሰው የለም። ማስኬን አወለቅኩ። ሳልላጭ ነው የሄድኩት፤ እንዲያየው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት፤ ምላጩን፣ ሌዘሩን፣ መስከረምን፣ ሐኪሟ ያለችውን። ስናገር እሱን ሳይሆን ጀልባውን ነው የማየው።

ስጨርስ መጀመሪያ ያለው "ያምሻል?" ነው።

"ድኗል።"

"ያን ቀንስ? በር ላይ ስመጣ?"

ማስኬን እጄ ላይ አጣጠፍኩት።

"ምላጩን ካየሁት ቆይቷል" አለ። "አምና፣ ቦርሳሽን ያዝልኝ ያልሽኝ ቀን። ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቤትሽ ስመጣ ሽሽት፣ ፊትሽን ስነካ ሽሽት። የምትጠዪኝ መስሎኝ ነበር ኖሊ። አንዳንዴ፣ የምታገባኝ ለመኖሪያ ወረቀቴ ብላ ነው ወይ እስከማለት ደርሻለሁ።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እሱ አልተቀመጠም።

"የልጁን ነገር ለእማዬ ምን እንላታለን?" አለ፣ ለእኔም አይመስልም፣ ለባሕሩ። ከዚያ ቆይቶ፣ "ፀጉሩ አይደለም። ልጁም፣ እውነት እልሻለሁ፣ ልጁም አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ነሽ ስልሽ ዜሮ ብለሽኛል። እኔ ደግሞ አምኜ ስቄያለሁ። አሁን ደህና ነኝ ስትዪኝ ምኑን ነው የማምነው?"

ማስኬን መልሼ አጠለቅኩ።

ትንሽ ጊዜ ስጪኝ አለ። ቤት ድረስ አደረሰኝ። በሩን ከፈተልኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።


ሚያዝያ 23

አዳራሹ ተሰረዘ። ለሰዉ "የእናቱ ቪዛ ዘገየ" ተብሎ ተነገረ። ሌላ ውሸት፣ ይሄኛውን ግን የፈጠሩት እትዬ ናቸው።

ማታ እትዬ ክፍሌ ገቡ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና አገጬን በጣታቸው ነኩት፣ ጥቁሩን። "እኔ ነኝ" አሉ። "ያን ሬዲዮ እኔ ነኝ የከፈትኩት።" አይደለም እትዬ አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት? ከልቤ መሰለኝ።


ግንቦት 9፣ እሑድ

ዛሬ ነበር።

ሥራ ገባሁ። ሰምሃል ዕረፍት ውሰጂ ብላኝ እምቢ አልኳት። በሚስተር ዋልተር አልጋ አዲስ ሴትዮ ገብተዋል። ካርዱን ይዤ ሄድኩ። "ዜሮ" አሉኝ ሳያዩት። አልጻፍኩም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጊዜ አለኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ስለ ድመታቸው አወሩ። ከዚያ ስለ ልጃቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጣታቸውን ካርዱ ላይ አስቀመጡ፣ ሰባቱ ላይ።

ነጭ ቀሚሴ ቁምሳጥን ውስጥ ከነፕላስቲኩ አለ። አላየሁትም። ዝናብ ነበር፣ ከሰዓት ግን ፀሐይ ወጣች፣ ጥሩ ቀን ነበር። ለፎቶ የሚሆን።


ሰኔ 12፣ ዓርብ

ጆዲ ጋ ተመለስኩ። ሐኪሟ ቆዳው ድኗል፣ ዝቅ አድርጋ ከዳር ብትጀምር ይቻላል ብላለች። እትዬ ሌላ ቤት አይሻልሽም ወይ አሉኝ። ሌላ ቤት ሄጄ እንደ አዲስ መዋሸት ደከመኝ።

በልቼ ነው የሄድኩት። ክኒኑን በምግብ ዋጥኩ። ተኛሁ። ኳሱን ሰጠችኝ። የአንዱን መንጋጋዬን ዳር አንዴ ተኮሰች።

"ስንት?"

አፌ ሦስት ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ ይጣፍጣል ማለት ይቻላል። ኳሱን ጨመቅኩት፣ ጥፍሬ እስኪገባበት። ድምፅ ወጣኝ፣ እንደ እንስሳ ድምፅ፤ ከሬዲዮው ቀናት ጀምሮ ውስጤ የነበረ ይመስለኛል። ጥፍር ቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ዘጠኝ" አልኩ። "ዘጠኝ ነው። ሁልጊዜም ዘጠኝ ነበር።"

ጆዲ አቆመች። አላለቀሰችም። ማሽኑን ዝቅ አደረገችው። ቀዝቃዛ አየር የሚነፋውን ቱቦ አገጬ ላይ ያዘችልኝ፣ በረዶ አደረገች፣ ጠበቀች። በየመሃሉ ትንፋሼን እንድስብ ጊዜ ሰጠችኝ። "አሁንስ?" እያለች።

"አራት" አልኳት። እውነትም አራት ነበር። ያማል፣ ግን ይቻላል። በቃ ይሄው ነበር። በጥር አንድ ቃል ብናገር ይሄው ነበር።

ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ከፋኑኤል መልእክት ነበር። ከባሕር ዳሩ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። "እንዴት ነሽ?" ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

"ደህና ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። "ዜሮ" ጻፍኩ፣ እንድንስቅ ብዬ። እሱንም አጠፋሁት። የአገጬ ቆዳ እየሞቀ ነበር፣ እጄ ላይ የኳሱ ስፖንጅ ፍርፋሪ ቀርቷል።

"ዘጠኝ" ብዬ ላክሁለት።

አይቶታል። መጻፍ እንደጀመረ ያሳያል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ያሳያል። ይሄን የምጽፈው እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ ሆኜ ነው። እስካሁን አልመለሰም። ስልኩ ጭኔ ላይ ነው፣ ፊቱ ወደ ላይ።